የጨረቃ ቀጠሮ

ባለፈው ዓመት፥ የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ፈተና ሊጀመር አራት ቀን ሲቀረው፥ በአንድ መኝታ ክፍል ከምንኖረው ከስድስታችን አንዱ በቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ወደቀ። ተሸክመን ወደ ክሊኒክ ወሰድነው። የመረመሩት ሐኪም ሌላ ነገር ከመጠየቃቸው በፊት፥ «ሌሊቱን ሙሉ ተኝተህ ያደርኸው መቼ ነው?» አሉት። አሰበ፥ አሰበ፥ ቀኑን አጣው። ሐኪሙ ቀና ብለው ወደ እኛ ተመለከቱና፥ «እናንተስ?» አሉን። በአልጋው ዙሪያ ከቆምነው ከአምስታችን አንድም የመለሰ አልነበረም።

ጓደኛችን ፈተናውን ሳይቀመጥ ወደ ወላጆቹ ሄደ፤ ከትምህርቱም አንድ ዓመት ዘገየ። በዚህ ጽሑፍ ጥፋቱን በማንም ላይ ለመጣል አናስብም። እኛን የሚያሳፍረን ሌላ ነገር ነው። ይኸውም በአንድ ጣራ ሥር እያደርን፥ ሰውነቱ ሲከሳ፥ ልብሱ ሳይታጠብ ሲሰነብት፥ ራቱን ትቶ በሻይ ሲያድር እያየን አለማየታችን ነው። ልንጠይቀው ሳንፈልግ ቀርተን አይደለም፤ የመጠየቂያ ጊዜ አልነበረንም። «ይህች ፈተና ትለፍ» እንባባል ነበር። አንዷ ስታልፍ ግን ሌላዋ ትተካለች።

የትምህርት ቤት የቀን መቍጠሪያ የምዝገባን፥ የክፍያንና የፈተናን ቀን ይነግረናል። ሰው መቼ እንደሚያርፍ፥ መቼ ልብሱን እንደሚያጥብ፥ መቼ ጓደኛውን «እንዴት ነህ?» ብሎ መልሱን እስኪሰማ ድረስ እንደሚቀመጥ ግን አይነግረንም። ታዲያ ይህን ጊዜ ከየት እናምጣው? በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው መልስ ለአንዳንዱ አንባቢ እንግዳ፥ ለአንዳንዱም የአያቱ ወሬ ይመስለው ይሆናል። መልሱ ከራሳችን በላይ በሰማይ ላይ ያለች ጨረቃ ናት።

ነገሩን ከመጀመራችን በፊት አንድ ጥንቃቄ እናድርግ። በአሁኑ ጊዜ በስልካችን በኩል ከውጭ አገር የሚደርሰን ምክር አለ። በአዲስ ጨረቃ ምኞትህን ጻፍ፥ በሙሉ ጨረቃ የከበደህን ጣል፥ ሻማ አብራ፥ ይህን ድንጋይ ግዛ ይላል። ጨረቃ ከሰው ልብ ጋር የምሥጢር ገመድ ያላት ያስመስላታል። ከምክሩ ውስጥ ፍሬ አለ፤ ገለባም አለ። የእኛ ድካም ሁለቱን ለመለየት ነው።

ጨረቃ ምን ታደርጋለች?

ጨረቃ የራሷ ብርሃን የላትም፤ የፀሐይን ብርሃን ተቀብላ ትመልሳለች እንጂ። ሁልጊዜም ግማሽ አካሏ ብሩህ ነው። ነገር ግን ምድርን ስትዞር፥ ከዚያ ብሩህ ገጽ ለእኛ የሚታየን አንድ ጊዜ ጥቂቱ፥ አንድ ጊዜ ሁሉም፥ አንድ ጊዜም ምንም ያህል አይደለም። ከአንዱ ልደቷ እስከ ሚቀጥለው ልደቷ 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ያህል ይፈጅባታል።

በዚህ ጉዞ ላይ ማንም ሰው ያለ መሣሪያ ሊለያቸው የሚችል አራት ማረፊያዎች አሉ። በመጀመሪያ፥ ፀሐይ ከገባች በኋላ በምዕራብ በኩል እንደ ቀጭን ማጭድ ሆና ብቅ ትላለች። በውጭ አገር መጻሕፍት ላይ ይህች ማጭድ ቆማ ትሣላለች፤ ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነው በእኛ አገር ግን ብዙ ጊዜ እንደ ጀልባ ተጋድማ ነው የምትታየው። በሰባተኛው ቀን ገደማ ግማሽ ሆና፥ በምሽት ከራሳችን በላይ ትገኝና እኩለ ሌሊት አካባቢ ትጠልቃለች። በ14ኛው ወይም በ15ኛው ቀን ፀሐይ ስትገባ እርሷ በምሥራቅ ሙሉ ሆና ትወጣለች፤ ሌሊቱንም ሙሉ ታበራለች። በ22ኛው ቀን ገደማ ደግሞ ሌላው ግማሽ ይቀርና፥ ከሌሊቱ 6 ሰዓት አካባቢ ትወጣለች። ጠዋት ወደ ክፍል ስንሄድ በሰማይ ላይ እንደ ነጭ ጨርቅ ቍራጭ የምናያት ይህችን ነው። ከዚያ በኋላ እየቀጠነች ሄዳ ትጠፋለች። ከቀን ወደ ቀን መውጫዋ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል።

እንግዲህ ጨረቃ የምታደርገው ይህን ብቻ ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ ልብ ብለን እንየው። ይህ የጊዜ አቈጣጠር ወረቀት አይፈልግም፤ መብራት ሲጠፋ አይጠፋም፤ ለሀብታምም ለድኻም እኩል ይታያል፤ ከሁሉም በላይ ማንም ሰው ቀኑን ሊያስተላልፈው አይችልም።

የሌላትን ኃይል አንስጣት

«ጨረቃ ባሕርን የምታናውጥ ከሆነ፥ ሰውነታችን አብዛኛው ውሃ ስለሆነ እኛንም ታናውጠናለች» የሚል አነጋገር አለ። ሲሰሙት እውነት ይመስላል። ዳሩ ግን የባሕር ከፍና ዝቅ የሚመጣው፥ ጨረቃ ለእርሷ ቅርብ የሆነውን የምድር ገጽ ከሩቁ ገጽ ይልቅ አጥብቃ ስለምትስበው ነው። በሁለቱ ገጾች መካከል ያለው ርቀት 12,700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሰው ቁመት ግን ሁለት ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በራስና በእግር መካከል ያለው የስበት ልዩነት ከምንም አይቈጠርም። ጣናን የሚያህል ሐይቅ እንኳ በጨረቃ የተነሣ ከፍ ዝቅ ሲል በዓይን አይታይም። በአንድ ተማሪ ሆድ ውስጥ ያለ ሻይማ ምን ሊሆን ነው!

ሁለተኛው አነጋገር ሙሉ ጨረቃ ሰውን ታሳብዳለች የሚለው ነው። ይህ እምነት በብዙ አገሮች አለ። በእንግሊዝኛ የእብድ ስም የመጣው ከላቲኑ የጨረቃ ስም ነው፤ በአማርኛው የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉምም በጨረቃ የሚነሣ በሽታ ተጠቅሶ ይገኛል። ሁለት ተመራማሪዎች በ1985 እ.ኤ.አ. በዚህ ጕዳይ ላይ የተደረጉ 37 ጥናቶችን ሰብስበው መረመሩ። ያገኙትም ጨረቃ ለእብደትም ሆነ ለወንጀል ምክንያት ናት ሊያሰኝ የሚችል ነገር እንደሌለ ነው።

በእንቅልፍ ረገድ ግን አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፥ በሰሜን አርጀንቲና የሚኖሩትን የቶባ ሕዝብ ሰዎችና በአሜሪካ አገር በሲያትል ከተማ የሚማሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን እንቅልፍ፥ በእጅ አንጓ ላይ በሚታሰር መሣሪያ ለካ። ከሙሉ ጨረቃ በፊት ባሉት ጥቂት ሌሊቶች የገጠሩም የከተማውም ሰው ዘግይቶ ሲተኛና ያነሰ ሲተኛ ተገኘ። አንድ ጥናት ብቻውን ሕግ አይሆንም። ቢሆንም የዚያ ጥናት አብዛኞቹ ሰዎች እንደ እኛ በመኝታ ቤትና በፈተና መካከል የሚኖሩ ተማሪዎች መሆናቸውን መርሳት አይገባም።

ስለዚህ ነገሩን በአጭሩ እንቍረጠው። ጨረቃ አትፈውስም፤ አታሳብድም፤ ምኞትም አትፈጽምም። ለእኛ የምትሰጠን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ቀጠሮ ነው።

አባቶቻችን ለምን ቈጠሯት?

ይህን አሳብ እኛ አልፈጠርነውም። ከመኝታ ክፍላችን አንዱ ልጅ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት በቆሎ ትምህርት ቤት ያለፈ ነው። አንድ ምሽት ባሕረ ሐሳብን በወረቀት ላይ አሳየን። የ2018ን ዓመት እንውሰድ። በ2018 ላይ 5500 ሲደመር 7518 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ ከዚያ አንድ ሲቀነስ 12 ይቀራል፤ ይህም ወንበር ይባላል። 12ን በ11 አባዝተን በ30 ስንገድፈው የሚተርፈው 12 አበቅቴ ነው። 12ን በ19 አባዝተን በ30 ስንገድፈው የሚተርፈው 18 መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ዘወትር 30 ናቸው።

«11 ከየት መጣ?» ብለን ጠየቅነው። አሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት 354 ቀን ናቸው፤ የፀሐይ ዓመት 365 ነው፤ ልዩነቱ 11 ነው አለን። 19 ደግሞ ጨረቃና ፀሐይ ተራርቀው እንደገና የሚገናኙበት ዓመት ነው። ዐቢይ ጾምና ትንሣኤ ከዓመት ዓመት ቦታቸውን የሚለዋውጡት በዚህ ሒሳብ ነው። እንግዲህ ሁዳዴ ሲገባ የበላውን የሚተው፥ ከተጣላው የሚታረቅ ሁሉ፥ ሳያውቀው በጨረቃ ቀጠሮ የሚታደስ ሰው ነው። የሒሳቡ ጨረቃ ከሰማዩዋ ጨረቃ ጋር ፍጹም አንድ አለመሆኗን መናገርም ይገባል። በየ19 ዓመቱ የአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ልዩነት ስለሚኖር፥ በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ ተጠራቅሞ ዛሬ የመጽሐፉ ጨረቃ አራት አምስት ቀን ያህል ወደ ኋላ ቀርታለች። ለዚህ ነው እኛ ለራሳችን ቀጠሮ ወደ ውጭ ወጥተን ሰማዩን የምናየው።

ከወሎ የመጣው ጓደኛችን ነገሩን ሰምቶ ሣቀ። ለእርሱ ጨረቃን አይቶ ራስን ማደስ አዲስ ነገር አይደለም። ረመዳን የሚገባው ጨረቃ ስትታይ ነው፤ በየዓመቱም 11 ቀን ያህል ወደ ፊት ስለሚቀድም በ33 ዓመት ገደማ ውስጥ ክረምቱንም በጋውንም ያዳርሳል። ከዚህም ሌላ በየጨረቃው ወር 13ኛውን፥ 14ኛውንና 15ኛውን ቀን መጾም የተወደደ ነው፤ እነዚህም ሌሊታቸው በጨረቃ ስለሚነጣ «አያመል ቢድ» ማለትም ነጫጭ ቀኖች ይባላሉ። አያቱ በእነዚያ ቀኖች ከጾሙ በኋላ የታመመ ጎረቤት እየዞሩ እንደሚጠይቁ አጫወተን።

የቦረናው ልጅ ደግሞ አያንቱ ስለሚባሉት የዘመን አዋቂዎች ነገረን። ቦረናዎች አሥራ ሁለት የጨረቃ ወራትና 27 የቀን ስሞች አሏቸው፤ ዕውቀቱም በቃል የሚወረስ ነው። አስመሮም ለገሠ በ1973 እ.ኤ.አ. ስለ ገዳ ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንን አቈጣጠር ለዓለም ምሁራን አስተዋውቀዋል። በሲዳማም የፊቼ ጨምበላላ ቀን የሚታወቀው ሰማይን በሚመለከቱ ሽማግሌዎች ነው። በዓሉ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የገባ ሲሆን፥ በዚያ ቀን የተጣላ ይታረቃል፤ ሽማግሌዎችም ስንፍናንና ሐሰትን፥ ዛፍ መቍረጥንም ያወግዛሉ። ቤተ እስራኤላውያን ደግሞ በጨረቃ ወር ተቈጥሮ፥ ከማስተስረያ ቀን 50 ቀን በኋላ በሚውለው ስግድ፥ ተራራ ወጥተው ጾመውና ተናዝዘው፥ ከሰዓት በኋላ በደስታ ወርደው ይበላሉ። ይህ በዓል ከጎንደር ተራሮች ተነሥቶ እስራኤል ድረስ ሄዶ፥ በ2008 እ.ኤ.አ. በሕግ የአገሩ በዓል ሆኗል።

እምነታቸውና ቋንቋቸው የተለያየ ነው። ነገር ግን በሁሉም ዘንድ ሁለት ነገሮች አንድ ናቸው። አንደኛ፥ የመታደሻው ቀን በሰው ስሜት አይወሰንም፤ ደከመኝ ሲል አይመጣም፤ ሥራ በዛብኝ ሲልም አይቀርም። ሁለተኛ፥ ማንም ብቻውን አይታደስም። ከውጭ የመጣው ምክር የረሳው ይህን ሁለተኛውን ነው። ሰውን ከሻማው ጋር ለብቻው ክፍል ውስጥ ይዘጋበታል።

ወራትና ሰውነት

ጨረቃ የወሩን ቀጠሮ ስትሰጥ፥ ወቅቶች የዓመቱን ይሰጣሉ። በአገራችን አቈጣጠር ዓመቱ በአራት ይከፈላል። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው፥ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 በጋ፥ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ፀደይ፥ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት ነው። የአበባውን ወራት ፀደይ የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ በባሕረ ሐሳቡ ግን የአበባው ወራት መፀው ነው።

የውጭ አገር መጻሕፍት ስለ «ክረምት ኀዘን» ብዙ ይጽፋሉ። ኖርማን ሮዘንታል የተባሉ ሐኪምና ጓደኞቻቸው በ1984 እ.ኤ.አ. ይህን በሽታ ገልጸው ስም አወጡለት፤ በብርሃንም ማከም ጀመሩ። ይህ በስቶክሆልም ወይም በሚኒያፖሊስ ለሚማሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን እውነተኛ ጕዳይ ነው፤ በስቶክሆልም በታኅሣሥ ቀኑ ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነውና። በአዲስ አበባ ግን በረዥሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። የእኛ ጨለማ የሐምሌና የነሐሴ ደመና ነው። ስለዚህ የሌላውን አገር የወቅት ምክር እንዳለ ገልብጦ መውሰድ፥ በመስከረም ካፖርት ገዝቶ እንደ መልበስ ነው።

የእኛው የወቅት ጥበብ በጳጕሜን ይጀምራል። አምስት ቀን፥ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ስድስት ቀን ናት። ሕዝባችን በእነዚህ ቀኖች ማለዳ ወደ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፤ በጳጕሜን 3 በሩፋኤል ዕለት ልጆች በዝናቡ እየዘለሉ ሲታጠቡ ያላደገ ከመካከላችን ማን ነው? ከአሥራ ሁለቱ ወራት ውጭ የተቀመጠች ይህች ትንሽ ወር፥ የአሮጌው ዓመት እድፍ ሳይታጠብ ወደ አዲሱ እንዳይገባ የተተከለች በር ትመስለናለች።

ሌላም ምሳሌ አለ፤ አንባቢ አይሣቅብን። ኮሶ ነው። አያቶቻችን ጥሬ ሥጋ ስለሚወዱ በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጡ ነበር። ኮሶ መራራና፥ መጠኑ ካለፈም ሰውነትን የሚጎዳ መድኃኒት ነው፤ ዛሬ የተሻለ ኪኒን ስላለ ማንም ወደ እርሱ እንዲመለስ አንመክርም። ነገር ግን ኮሶ የጠጣ ሰው በዚያ ቀን ከቤቱ አይወጣም ነበር። ሥራ አይታዘዝም፤ እንግዳ አይቀበልም፤ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ በቂ ምክንያት ነው፤ ማንም አይቀየምም። እንግዲህ አያቶቻችን በዓመት አምስት ስድስት ጊዜ ያለ ኀፍረት የሚያርፉበት ቀን ነበራቸው ማለት ነው። ኪኒኑ ትሉን በተሻለ መንገድ ገደለልን። የዕረፍቱን ቀን ግን አብሮ ወሰደው፤ ማንም በምትኩ ሌላ አላመጣልንም። ዛሬ ተማሪ «ዛሬ አርፋለሁ» ቢል ሰነፍ ይባላል፤ ሲወድቅ ብቻ ነው ዕረፍት የሚፈቀድለት።

እኛ የሞከርነው

ባለፈው ጥቅምት አምስታችን ተመካክረን አራት ምሽቶችን ከጨረቃ ተዋስን። ደንቡም እነሆ።

ጨረቃ በምዕራብ ብቅ ስትል የሒሳብ ምሽት ነው። እያንዳንዳችን በሩብ ወረቀት ላይ በዚህ ወር የምንጠግነውን አንድ ነገር እንጽፋለን፤ ሁለት መጻፍ ክልክል ነው። አንዱ «ጥርሴን እታያለሁ» ይላል፤ አንዱ «ለእናቴ እደውላለሁ»፤ አንዱም «የተበደርሁትን 200 ብር እከፍላለሁ» ይላል።

ጨረቃ ግማሽ ስትሆን የሰውነት ምሽት ነው። በዚያ ቀን ልብስ ይታጠባል፤ ፍራሽ ፀሐይ ላይ ይወጣል፤ ጥፍር ይቈረጣል፤ ክፍሉ ይጠረጋል። የቀረችው ሰዓት በእግር ለመንሸራሸር ናት።

ጨረቃ ስትሞላ የወግ ምሽት ነው። መጽሐፍ ይዘጋል፤ ገንዘብ አዋጥተን ቡና እናስፈላለን፤ ከዚያም በኳስ ሜዳው ዙሪያ በጨረቃ ብርሃን እየሄድን ተራ በተራ እንጠያየቃለን። አንድ ብርቱ ሕግ አለ። «ደኅና ነኝ» ብቻውን መልስ አይሆንም። በእኛ አገር ሰላምታ ረዥም ነው፤ ሰው ግን በዚያ ርዝመት ውስጥ ሊደበቅ ይችላል። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም አልጋው ላይ መሆን አለበት፤ በእነዚህ ሌሊቶች እንቅልፍ እንደሚያጥር ከላይ ያነሣነው ጥናት አስጠንቅቆናልና።

ጨረቃ ተመልሳ ግማሽ ሆና በማለዳ ስትታይ የመተው ምሽት ይደርሳል። ስልኮች በአንድ ካርቶን ውስጥ ይገባሉ፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል። ለእኛ ዕድሜ በሌሊት ከ7 እስከ 9 ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልግ ሐኪሞች ይናገራሉ፤ በቀን የተማርነውም ነገር በአእምሯችን የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ሳይተኙ ማጥናት በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው።

በየወቅቱ መግቢያም አንድ አንድ ቀን ጨመርን። በመስከረም 26 የዓመቱን ትምህርት አሳብ እናወጣለን። በታኅሣሥ 26 ለብርዱ ሌሊት ብርድ ልብስ የሌለው ካለ እንመለከታለን። በመጋቢት 26 ፈተና ሳይደርስ ጤንነታችንን እንታያለን። በሰኔ 26 ደግሞ ወደየቤታችን ሄደን ወላጆቻችንን በሥራ ለመርዳት ቃል እንገባለን።

ሁሉም ነገር ተሳካ ብለን አንዋሽም። ከአምስታችን አንዱ «ይህ የሕፃን ጨዋታ ነው» ብሎ በአንደኛው ወር ተወን፤ የቡናው ምሽት ሲደርስ ግን ሳይጠራ ይመጣል። አንድ ጊዜ ሙሉ ጨረቃ በፈተና ዋዜማ ላይ ዋለችና ምሽቱን ወደ ግማሽ ሰዓት አሳጠርነው። በደመናማ ሌሊት ጨረቃን ፍለጋ ጣራ ላይ ወጥተን ዘበኛው በሌብነት ጠርጥረውን ያውቃሉ። ውጤታችንም በአንድ ጊዜ ወደ ሰማይ አልወጣም።

ነገር ግን በሦስተኛው ሙሉ ጨረቃ አንድ ነገር ሆነ። ተራው የደረሰው ጓደኛችን እንደ ልማዱ «ደኅና ነኝ» አለ። ሕጉን አስታወስነው። ዝም ብሎ ግማሽ ሜዳ ያህል ከሄደ በኋላ፥ ከቤቱ ገንዘብ ከመጣለት ሁለት ወር እንዳለፈው፥ በሳምንት ሦስት አራት ቀን ምሳውን እየዘለለ እንደሚውል፥ ትምህርቱንም ትቶ ለመሄድ ልብሱን ማሰናዳት እንደ ጀመረ ነገረን። በማግስቱ ያለንን ሰበሰብን። ጥቂት ነበር፤ ግን በቃ። ዛሬ ከእኛ ጋር ይማራል። ያ ምሽት ባይኖር ኖሮ እርሱንም ልክ እንደ መጀመሪያው ጓደኛችን እያየነው ሳናየው እንቀር ነበር።

ለሚቃወሙን

አንዳንዶች «ይህ ጨረቃን ማምለክ አይደለም ወይ?» ብለውናል። ሰዓቱን የሚያይ ሰው ሰዓቱን አያመልክም። ከላይ የጠቀስናቸው የአገራችን ሰዎች ሁሉ ጨረቃን ቈጠሯት እንጂ አልሰገዱላትም።

ሌሎች «ለምን በየቅዳሜው አታደርጉትም?» ይላሉ። ሞክረነው ነበር። ቅዳሜን ሰው ያስተላልፈዋል፤ «የሚቀጥለው ቅዳሜ ይሁን» ይባላል። ሙሉ ጨረቃን ግን ማን ያስተላልፋታል? አንዴ ካለፈች 29 ቀን ተኩል መጠበቅ ነው። ደግሞም በመስኮት ብቅ ብላ ታሳፍራለች።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል። «የተማሪው ችግር ዳቦና ክፍል ነው፤ በጨረቃ ብርሃን መንሸራሸር ምን ይረዳዋል?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ጨረቃ ዳቦ አትጋግርም። ነገር ግን ዳቦ ያጣው ማን እንደሆነ ያወቅነው በእርሷ ብርሃን ነው። የተጨነቀ ሰው ጭንቀቱ ከሳምንታት በላይ ቢቆይበት፥ እንቅልፍና ምግብ ቢከለክለው፥ ሞትንም ቢያስመኘው፥ ሙሉ ጨረቃን ሳይጠብቅ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ጓደኞቹም ይዘውት ይሂዱ። የእኛ ደንብ ለመድኃኒት ምትክ አይደለም፤ በሽተኛው ሳይወድቅ እንዲታይ የተቀጠረ ቀን ነው።

ያ በደረጃ ላይ የወደቀው ጓደኛችን በዚህ ዓመት ተመልሷል። አንድ ክፍል ወደ ኋላ ቢቀርም አልጋው እዚያው ከእኛ ጋር ነው። በተመለሰ በሳምንቱ ሙሉ ጨረቃ ነበረችና ሜዳውን አብረን ዞርን። ሕጉን ነገርነው። እርሱም፥ «እናንተ ጠይቁኝ እንጂ እኔስ እመልሳለሁ» አለ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህችን መጽሔት ስታጥፋት አንድ ጊዜ ወደ ውጭ ውጣና ቀና በል። ጨረቃ የት እንደ ደረሰች እይ። ከዚያ ከጎንህ ያለውን ሰው ጠይቀው፤ መልሱንም እስኪጨርስ ጠብቅ።